አንድ ስድስተኛ ታንክ

እትዬ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ አንኳኩተው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እኛን አልነበረም። በሁለቱ ፍራሾች መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያለፈ፣ ወርዱ ሠላሳ አምስት ሳንቲም የሆነ ክዳን የሌለው የኮምፔንሳቶ ሳጥን ተጋድሟል። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«በስመ አብ! የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ነገሩ እስኪገባን ትንሽ ቆየን። ሲገባን ደግሞ ሦስታችንም በአንድ አፍ መንጫጫት ጀመርን። «ኧረ እትዬ! የሬሳ ሳጥን አይደለም፣ ታንክ ነው!»

«የውሃ?»

እዚህ ላይ ወኔያችን ከዳን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአከራይ «የጦር» ብሎ መመለስ የሚችል ተከራይ ካለ እሱ ጀግና ነው። «አዎ፣ እንደሱ ነገር» አልናቸው። እትዬ ሳጥኑን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው «በእንጨት?» አሉና ብራቸውን ቆጥረው ወጡ። እትዬ ሞኝ አይደሉም።

እንግዲህ መናዘዝ ካለብን እንናዘዝ። ከሦስታችን አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ ፋርማሲስት፣ ሦስተኛው ሶሲዮሎጂ ተምሮ የሞባይል ካርድና የስልክ ሽፋን የሚሸጥ። መዶሻ አያያዝ እንኳ በቅጡ አናውቅም። ነገሩ የጀመረው አንድ ሌሊት ፈረንጆች በግቢያቸው በሪሞት የሚነዱትን ትልልቅ የታንክ ሞዴል በስልክ ስናይ ነው። ጃፓኖቹ ታሚያዎች በ1/16 ልክ የሚሸጡት አለ፤ አርሞርቴክ የሚባሉት እንግሊዞች ደግሞ በ1/6 ልክ ከብረት የተሠራ፣ ራስህ ገጣጥመው የሚሉት። የኋለኛውን ዋጋ አይተን ስልኩን ገልብጠን አስቀመጥነው። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛው በጨለማው ውስጥ «ኮምፔንሳቶ ስንት ነው?» አለ። በቃ፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀልን።

የትኛውን ታንክ? ይሄ አላከራከረንም። ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ምሥራቅ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው መንገድ ዳር ዝጎ የተቀመጠውን፣ ልጆች የሚንሸራተቱበትን፣ ፍየል የሚጠለልበትን ታንክ ያውቀዋል። አብዛኛው የሩሲያው ቲ-54 ወይም ታናሹ ቲ-55 ነው። በዓለም ላይ የሁለቱን ቤተሰብ ያህል በብዛት የተመረተ ታንክ የለም። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ «ታንክ ሳል» ስንባል የምንስለው እሱን ነበር፤ ስሙን ሳናውቅ።

(በነገራችን ላይ ብልሆች ብንሆን ኖሮ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ይዞብን የመጣውን ትንሹን ሲቪ-33 እንሠራ ነበር። ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚዞር አናት እንኳ የሌለው። ታኅሣሥ ላይ ደምበጊና መተላለፊያ የልዑል ራስ እምሩ ሰዎች አናቱ ላይ እየወጡ ያስቸገሩት ይሄንኑ ነው። በ1/6 ልክ ቢሠራ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ግን ጀማሪ ሰው ትንሽ ነገር አያምረውም።)

ስድስት ለአንድ የሚለው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ቲ-55 መድፉ ወደ ፊት ሲዞር 9 ሜትር ይሆናል፤ ለስድስት ሲካፈል አንድ ሜትር ተኩል። እሺ። ክብደቱ 36 ቶን ነው። «ለስድስት ሲካፈል ስድስት ቶን!» ብሎ ፋርማሲስቱ ጮኸ፤ ወለሉ ሊሰነጠቅ ነው ብለን ተደናገጥን። ለካ እንደዚያ አይደለም። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ነው ለስድስት የሚካፈለው፤ ስለዚህ ክብደቱ የሚካፈለው ለ216 ነው። ወደ 167 ኪሎ ይመጣል። እሱም ቢሆን ብረት ከሆነ ነው። የኛ በመጨረሻ በእህል ሚዛን ሲለካ 41 ኪሎ ሆነ።

ገበያው ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድን። የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የተመቸ ነው፦ በ12 ቮልት ይሠራል፣ ማርሹ አብሮት ስላለ ቀስ ብሎ ግን በጉልበት ይዞራል፣ ደግሞም አሮጌው በየሱቁ አለ። ሻጩ «ለምን መኪና ነው?» ሲለን ተያየንና «ለዶልፊን» አልነው። «ሁለት ምን ያደርግላችኋል?» አለ። «ሁለት ዶልፊን አለን።» እንዲህ ተብሎ ሀብታም ተሆነ። ሀብታም መስለን ስለታየንም ዋጋው ላይ አልቀነሰልንም።

ሁለቱ ሞተሮች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ያወቅነው ቤት ደርሰን ነው። አንደኛው በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፣ ሌላው ከ60 በላይ። ታንክ መሪ የለውም፤ የሚታጠፈው የአንዱን ጎን ሰንሰለት ከሌላው በማዘግየት ነው። የኛ ታንክ እንግዲህ ገና ሳይወለድ ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ሆኖ ተፈጠረ። ተመልሰን ሄደን «የአንዱ ዶልፊን መጠን አልሆነም» ብለን ቀየርን።

ሰንሰለቱ ነው ሦስት ወር የበላው። ከምናለሽ ተራ ስድስት አሮጌ የብስክሌት ካቴና ገዛን፤ ለእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት መስመር። በመስመሮቹ መሃል ደግሞ ከመስኮት ፍሬም የተቆረጠ አሉሚኒየም ይጋደማል። በአንድ ጎን 81፣ በሁለቱ 162። እያንዳንዱ ሁለት ብሎን፣ 324 ብሎን፣ 324 ዳዶ። ብሎኑ በካቴናው ቀዳዳ ስለሚያልፍ የማርሹ ጥርስ ማረፊያ አጣ፤ ስለዚህ ከ24ቱ ጥርስ አንዱን እየዘለልን አሥራ ሁለቱን በሞረድ በላን። በአራት ማርሽ ላይ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እየሞረድን። ጎረቤት ምን እያሰበ እንደነበር አሁን ስናስበው ያሳፍረናል።

አናቱ ግን ቀላል ነበር። የቲ-55 አናት የተደፋ ሳፋ ነው። ሳፋ ገዝተን ደፋነው።

አሁን ወደ ቃጠሎው እንምጣ። የመስታወት መጥረጊያ ሞተር አንድ ጠባይ አለው፤ ኔጌቲቩ ብዙ ጊዜ ከራሱ ቆዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪና ላይ የመኪናው አካል ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ችግር የለውም። ታንክ ላይ ግን ወደ ኋላ ለመሄድ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን መገለባበጥ አለብህ። እኛ ደግሞ «እንዲጠነክር» ብለን ሁለቱንም ሞተር በአንድ ብረት ላይ አስረናቸዋል። አንደኛው ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲታዘዝ በዚያ ብረት በኩል ተገናኙና ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣችው የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ጢሷን ለቀቀች። (በደህናውም ቀን አትችለውም ነበር። እሷ የምትሸከመው 2 አምፔር ነው፤ የኛ ሞተር ሲጨናነቅ ከ10 በላይ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ያነበብነው ከተቃጠለች በኋላ ነው።)

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ግቢውን ሞላው። በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ነበሩ።

ስለ ጋሼ እስከዚያ ቀን የምናውቀው ጥቂት ነው። የእትዬ ባል ናቸው። ጠዋት ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ጌሾዋቸውን ይኮተኩታሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ በቃ። ሁለት ዓመት ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አውርተን አናውቅም። ጢሱን በእጃቸው እየበተኑ ገቡና ባልዲ ይጠይቃሉ ብለን ስንጠብቅ ዝም ብለው ቆሙ። የሚያዩት ሳጥኑን ነው። ያኔ አምስት አምስት ጎማ ገጥመንለት፣ ግማሽ ሰንሰለት ለብሶ፣ ሳፋው ከጎኑ ተደፍቶ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና በጣታቸው የፊተኛውን ጎማ ነኩ።

«ይሄና ሁለተኛው ይራራቃሉ» አሉ። «እናንተ እኩል አድርጋችሁታል።»

ወጡ።

ፎቶ ስናይ እውነት ነው። በቲ-55 ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መሃል ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። አሥር ጊዜ ያየነው ፎቶ ነው። እኛ ግን እኩል ሲሆን ያምራል ብለን፣ ወይም ደግሞ ሳናይ ቀርተን፣ በእኩል ለክተን በስተናል።

በማግስቱ ማታ ጋሼ ዱካ ይዘው መጡ። ማንም አልጋበዛቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዜና በኋላ ይመጣሉ። ከ1970 እስከ 1983 ዓ.ም. የቲ-55 ሾፌር ነበሩ። ይህንን በአንድ ጊዜ አልነገሩንም፤ በብሎን በብሎን ነው የነገሩን። «ኃይሉ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ማርሹን ወደ ኋላ አዙሩት።» «ሰንሰለቱን እንደ ክራር አትወጥሩት፤ ከላይ ደጋፊ የለውም፣ ጎማው ላይ ይተኛል፣ ትንሽ ይርገብ።» ሁሉንም ሲናገሩ ዓይናቸው ዕቃው ላይ ነው። ስለ ጦርነት አልጠየቅናቸውም። ለመጠየቅ ሦስታችንም ፈልገናል፤ ግን ከሦስታችን አንዱ አፉን ሲከፍት ሌሎቹ በክርን እንጎሽመው ነበር።

አንድ ማታ ሳጥኑን በጎኑ አጋድመን ሽቦ ስናስገባ ወለሉን አዩ። ሜዳ ኮምፔንሳቶ ነው።

«በሩስ?»

«የቱ በር ጋሼ?»

«ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ በር አለ። አልሠራችሁም።»

ፋርማሲስቱ ሳቅ አለና «ጋሼ፣ ከሥር ማን ያየዋል?» አላቸው። ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ቆይተው ግን በተለመደው ድምፃቸው፣ ስለ ሰንሰለት እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ሾፌሩ ከፊት በግራ በኩል እንደሚቀመጥ፣ ክዳኑ ከራሱ በላይ እንደሆነ፣ መድፉ ዝቅ ብሎ ክዳኑ አናት ላይ ከቆመ ክዳኑ እንደማይከፈት ነገሩን። «እኔ በታች ነው የወጣሁት» አሉ። ሌሎቹ ሦስቱስ? የታንኩ ሠራተኛ አራት መሆኑን እናውቃለን፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ ሾፌር። አልጠየቅንም። ዱካቸውን አንሥተው «ደህና እደሩ» አሉን።

በሩን ያን ሌሊት ቆረጥነው። በመጋዝ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል፣ ማጠፊያ ያላት፣ ከውስጥ የምትከፈት። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንድም ሳትንጋደድ በመጀመሪያው የተሳካችልን ነገር እሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ መጡ። ጋሼ በሌሉበት ሰዓት፣ አስበው ነው የመጡት። አልተቀመጡም።

«ልጆቼ፣ እናንተ ትጫወታላችሁ። ሌሊት አብሬያቸው የምነቃው ግን እኔ ነኝ።»

ያልተናገሩትን ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት ታንኮቹ አዲስ አበባ ሲገቡ እትዬ ሁለት ልጆች ይዘው ቤት ውስጥ ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቁም። ሰንሰለቱ አስፋልቱን ሲፍቅ የሚሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፤ ጋሼ በእግራቸው ቤት የደረሱት ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይተው ነው። «ለብዙ ዓመት ሲጮሁ ነው የሚያድሩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የተዋቸው። አሁን ይሄ ሳጥን ከመጣ ወዲህ ጀመራቸው» አሉን። ከዚያ ደግሞ ነገሩ የባሰ እንዳይመስለን ብለው ይሁን፣ «ባይሆን ድምፁን ቀንሱት» አሉና ወጡ።

እውነቱን እንናገር፤ ጠብ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ዛሬውኑ ለቆራሌው እንስጠው አለ። አንዱ ደግሞ ሽማግሌው ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያወራው ሰው አግኝቶ እንዴት እንዘጋበታለን አለ። «አንተ ሐኪም ነህ?» «አንተስ?» ተባባልን። ሌላም ነገር ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከሰፈራችን የሄዱ ልጆች አሉ፤ አልፎም ጦርነት ከአገራችን አልጠፋም። እኛ ደግሞ ከምድር ነገር ሁሉ መርጠን ታንክ እንሠራለን። ይህን ጉዳይ ከኮምፔንሳቶው በፊት ልናነሳው ይገባ ነበር። አላነሳነውም፤ ደስ ብሎን ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለንም። በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነን፣ ፍራሽ ከበላዩ ደግፈን ሦስት ሳምንት ተውነው።

ጋሼ በእነዚያ ሳምንታት አልመጡም። በአራተኛው እሑድ ጠዋት በሩን አንኳኩ፤ ዱካውን አልያዙም። እትዬ የተናገሩትን እንደሚያውቁ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«እሷ እውነቷን ነው» አሉ። «ግን ተሠርቶ ሳያልቅ መተው የባሰ ነው። ጨርሱትና ልየው።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ብረቱ ላይ ላስቲክ አድርጉበት» አሉ።

162ቱም አሉሚኒየም ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለጠፍን። ሁለቱን ሞተር በየብቻቸው እንጨት ላይ አሰርን፤ 43 አምፔር እሸከማለሁ የምትል ሌላ ሰሌዳ አስመጣን፤ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ገባ። መድፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቧንቧ ነው፤ 100 ሚሊ ሜትሩ ለስድስት ሲካፈል 17 ገደማ ይሆናል፣ ልኩን አገኘን።

ያወጣነው ጠዋት የሰፈር ልጅ ሁሉ ግቢው ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር። አንዲት ጎረቤት ምን እንደሆነ ስትጠይቅ «ትራክተር» አልናት፤ ልጆቹ አጋለጡን። ሪሞቱን ከመካከላችን ማን ይያዝ ብለን ስንጨቃጨቅ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። እንዴት እንደሚነዳ ልናስረዳቸው ስንጀምር አልሰሙንም። ሪሞቱ ሁለት ዘንግ አለው፤ የግራው የግራውን ሰንሰለት፣ የቀኙ የቀኙን። የቲ-55 ሾፌርም በሁለት እጁ የሚይዘው ሁለት ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን ይስባል። ጋሼ ሁለቱንም ቀስ አድርገው ገፉ። ታንኩ ሄደ።

ሄደ ስንል በደቂቃ 14 ሜትር ነው። የኤሊ አጀብ ይመስላል። ከውሃ ቧንቧው እስከ ጌሾው፣ ከጌሾው እስከ በሩ። በሩ ጋ ሲደርስ የግራውን ሳብ አደረጉና እዚያው ቦታው ላይ ዞረ፤ ልጆቹ ጮኹ። እትዬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። አልሳቁም፣ አልገቡምም። ላስቲኩ ድምፁን አፍኖታል፤ የሚሰማው የሞተሩ ማቃሰት ብቻ ነው።

ሲመለስ የፍሳሽ መውረጃው ጠርዝ ላይ የግራው ሰንሰለት ወለቀ። ሦስታችንም ሮጥን። ጋሼ «ተዉት» ብለው በጉልበታቸው በርከክ አሉና ሰንሰለቱን ከኋላ ማርሽ ጀምረው፣ በአውራ ጣታቸው እየገፉ፣ ሳያዩት ማለት ይቻላል፣ መለሱት። ከተነሡ በኋላ ታንኩን ወደ ክፍላችን አስገባን። ባትሪውን ከመንቀላችን በፊት ሳፋውን ይዘው መድፉን ወደ ቀኝ ጎን አዞሩት፤ ከሾፌሩ ክዳን አናት ላይ አነሡት።

አሁንም ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ግን በየቀኑ አይደለም። ሌሊት ምን እንደሚሆኑ እትዬን ለመጠየቅ አልደፈርንም፤ እሳቸውም አይነግሩንም። ታንኩን ዛሬም «ያ ሳጥን» ነው የሚሉት። ኪራይ ላይ ግን አልጨመሩብንም። እኛም ጋሼ ቢመጡም ባይመጡም ከመተኛታችን በፊት መድፉን ወደ ጎን እናዞራለን።

የግራው ሰንሰለት አሁንም ይወልቃል። የፊተኛው ጎማ ስፕሪንግ ያስፈልገዋል፤ ዘጠኝ ዳዶም ጎድሎናል። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እንሄዳለን።